የማጥለያው አተላ

ቢሻው በየፈረቃው መጨረሻ ሚስቱን ከሌላ ወንድ ለይቶ ይረከብ ነበር። ደመወዝ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው።

«ገናሌ» የተባለችው መርከብ ከሳተርን ቀለበት በረዶ እየጫነች ለማርስ ከተሞች ውሃ ታመላልሳለች። ቀለበቱ ውስጥ ከጠጠር አንስቶ ቤት እስከሚያህል ድረስ ያለ በረዶ እንደ ቅዳሜ ገበያ ይተራመሳል፤ በዚያ መሀል ትልቅ መርከብ መንዳት ለአንድ ሰው አእምሮ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ሁለት ነጂዎች ጎን ለጎን ተጋድመው፣ መረብ የመሰለ ቆብ አጥልቀው፣ ለፈረቃው ጊዜ አንድ አእምሮ ሆነው ይነዳሉ። ሠሪዎቹ ይህን ዘዴ «ድርና ማግ» ብለውታል። አንደኛው ነጂ እንደ ድር ይወጠራል፣ ሌላው እንደ ማግ ይገባበታል፣ ከሁለቱ አንድ ጨርቅ ይሸመናል። አንዱ ፊት ፊቱን ያያል፣ አንዱ ኋላውን ያያል፤ የቱ የቱን እንዳየ ግን ሁለቱም አያውቁትም።

ፈረቃው ሲያልቅ ጨርቁ መተርተር አለበት። ነጂዎቹ ትርንጎና ሩዋን ናቸው፤ የትርንጎ የሆነው ለትርንጎ፣ የሩዋን የሆነው ለሩዋን ይመለሳል። ይህን የሚሠራው ማጥለያ የሚባለው መሣሪያ ነው፤ ማጥለያውን የሚያጸዳው ደግሞ የትርንጎ ባል ቢሻው ነው።

ማጥለያ ያለ አተላ አይኖርም። የማን እንደሆነ ያልለየ ቁርጥራጭ ትዝታ፣ ባለቤቱ የጠፋ ሽታ፣ ግማሽ ዘፈን፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ሆድ መባባት፣ ሁሉም ወንፊቱ ላይ ይቀራል። የሙያው ሰዎች አተላ ይሉታል፣ ጠርገው ይደፉታል። ከጠረጉ በኋላ መጽዳቱን የሚያረጋግጡበት ልማድ አላቸው፤ ቆቡን አንስተው ለአፍታ ራሳቸው ላይ ያጠልቁታል። መመሪያው ይህን አጥብቆ ይከለክላል። ግን ወጥ የምትሠራ ሴት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ታቀርባለች? ቢሻውም ይቀምስ ነበር። ያስተማረው ሰውም ይቀምስ ነበር፤ ያን ሰው ያስተማረውም እንዲሁ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚቀምሰው የሚያስቅ ነገር ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ሽታ፣ የትምህርት ቤት ደወል፣ የማን እንደሆነች ያልታወቀች አክስት ቁጣ። አንድ ቀን ግን ትርንጎን ቀመሰ።

በመርከቢቱ የአትክልት ክፍል፣ ከቲማቲሞቹ መደዳ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ከፊቷ አንድ ወንድ አለ፤ የሚታየው ጀርባው ነው። ሁሉም ሠራተኛ የሚለብሰውን ግራጫ ቱታ ለብሷል፣ ግራ ትከሻው ወደ ታች ያዘነብላል። ትርንጎ እጇን ዘርግታ ከሰውየው ትከሻ ላይ የሆነ ነገር፣ ምናልባት ቅጠል፣ በሁለት ጣቷ አነሳች። ካነሳች በኋላ እጇ ቶሎ አልተመለሰም። ከምስሉ ጋር አብሮ የቢሻው ደረት ውስጥ እሳት ገባ።

እሳቱ የራሱ መሰለው። ለምን አይመስለው? ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር ያየ ባል ደረቱ ካልነደደ ምኑ ይንደድ?

አንድ ነገር ብቻ ከነከነው። ይህ ምስል የማን ትዝታ ነው? ትርንጎ ብትሆን ራሷን ከውጭ አታይም፤ ሰውየው ቢሆንም የገዛ ጀርባውን አያይም። ቢሻው ግን የሙያ ሰው ነውና መልስ አላጣም። ሰው ደስ ያለውን ቀን ሲያስታውስ አንዳንዴ ራሱን እንደ ሌላ ሰው ከውጭ ሆኖ ያያል፤ ይህን ተምሮታል። እንግዲያው ሩዋን ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር፣ ደስታውንም ደጋግሞ እያወጣ ያየዋል ማለት ነው። ቀናተኛ ሰው ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም ራሱ ስለሆነ ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሩዋን የሐዋሳ ልጅ ነው። ቅድመ አያቶቹ ከስሪላንካ ለልብስ ፋብሪካ ሥራ መጥተው፣ ሐይቁን ወደው የቀሩ ናቸው። አማርኛውና ሲዳምኛው አንደኛ ነው፣ የሚጸልየው በአያቶቹ ቋንቋ ነው። ከቢሻው በዕድሜ ያንሳል፣ አላገባም፣ ዝምተኛ ነው። ቢሻውን «ጋሼ» ነው የሚለው። ያ «ጋሼ» ድሮ ደስ ይለው የነበረ ሲሆን አሁን በየቀኑ የሚረጭበት ቀዝቃዛ ውሃ ሆነበት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢሻው ጀርባ ተመልካች ሆነ። በመተላለፊያው ላይ ወንዶችን እያስቀደመ ከኋላ ይከተላል፤ «ኧረ አንተ ቅደም» ሲያበዛ ሰዉ ትሕትና መሰለው። የወጥ ቤት ኃላፊው ጀርባ ሰፊ ነው፣ እሱ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አጭር ነው፣ እሱም አይደለም። የሩዋን ትከሻ እርግጥ ቀጥ ያለ ነበር፤ ሆኖም ደጋግሞ ሲያየው፣ በተለይ ከፈረቃ ደክሞት ሲወጣ፣ ግራው ትንሽ ዝቅ የሚል መሰለው። ሳምንት ሳይሞላ መምሰሉ ቀርቶ እርግጠኛ ሆነ።

ማስረጃውም እየበዛ መጣ። ትርንጎ ምግቧ ላይ ሁሉ ሎሚ መጭመቅ አመጣች፤ ሎሚ ወዳጁ ሩዋን ነው። አብረው የሚነዱ ሰዎች እንዲህ ያለ ፍርፋሪ እንደሚለዋወጡ ቢሻው ከማንም በላይ ያውቃል፣ ለስንቱ ጀማሪ ነጂ አስረድቶ ያውቃል። አሁን ግን ሎሚዋን ስታነሳ የምትጨምቀውን ጠብታ በጠብታ ይቆጥራል። የሰው ቤት እያጸዳ የራሱ ቤት መደፍረሱን ያላወቀ ሞኝ እንዳይባል ፈራ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ፣ አተላውን ሙሉ በሙሉ መጥረግ ተወ። በየፈረቃው ትንሽ ትንሽ ያስቀርና ይቀምሳል።

ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። ማጥለያው እየተደፈነ ሲሄድ ሁለቱ ነጂዎች የማይፈቱ ሆነው ሊጠላለፉ ይችላሉ። በሌላ መርከብ ላይ ሁለት ሰዎች ከቆባቸው ወጥተው ለአንድ ስም ሁለቱም «አቤት» እንዳሉ፣ ከዚያም ወዲህ እንዳልተለዩ ይወራል። ቢሻው ይህን እያወቀ ነው ያደረገው፤ ሚስቱን ላለማጣት ሚስቱን አደጋ ላይ ጣላት። የቅናት ሒሳብ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

የቀመሰው ሁሉ ግን ትርንጎ ነበረች። ሻይዋን እፍ እያለች ስታበርድ። ጸጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ አንገቷን ስታሻሽ። ደክሟት ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ስትጨፍን። እያንዳንዱን ያየው ሰው የተራበ ሰው ነው፤ ረሃቡም ከምስሉ ጋር ቢሻው ሆድ ውስጥ ይገባል። ገብቶም አይወጣም። ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ዓይኑን ከሷ መንቀል አቃተው። እጇን ያያል፣ ከንፈሯን ያያል፣ የተናገረችውን ቃል ሁሉ ያስታውሳል፤ ሌላው ያየውን ሁሉ እሱም ማየት አለበት። ትርንጎም በእነዚያ ወራት ለሰለሰች። የተወችውን ጉትቻ አወጣች፣ ያለምንም ምክንያት ትስቃለች፣ አጠገቡ መቀመጥ ታበዛለች። ቢሻው ይህን በቅናት ሚዛን መዘነው፤ እንዲህ የምትለሰልስ ያጠፋች ሴት ናት አለ በልቡ።

በመጨረሻም ነቀላን አሰበ። ነቀላ የሐኪም ሥራ ነው። ከባድ አደጋ ያየ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ፣ ትዝታው ከነሥሩ ተፈልጎ ይነቀልለታል። የሚነቀለውም በዚሁ በማጥለያው ነው፣ ቢሻውም አሠራሩን ያውቃል። ትርንጎን ከሩዋን ውስጥ ሊነቅላት ቆረጠ። ስሟን፣ ሳቋን፣ አብረው የነዱበትን ዘመን ሁሉ። ልጁ ከእንቅልፍ ሲነቃ አንዲት የማያውቃት ሴት ከጎኑ ተጋድማ ያያል፣ በቃ።

ይሁን እንጂ ክፉ ሰው አልነበረምና እጁን የሚይዘው ነገር አለ። አሳቡን የሚያጸድቅለት ሰው ፈለገ፤ እግሩም ሩዋን ወደሚያዘወትረው አዳራሽ ወሰደው።

አዳራሹ ድሮ የቧንቧ መለዋወጫ መጋዘን ነበር። ከሐዋሳ የመጡት የቡድሃ ተከታይ ሠራተኞች ለምነው አስፈቅደው፣ ሁለት መምህራን አመጡበት። አንደኛው ባንቴ ሱማና ናቸው፤ «ባንቴ» መነኩሴን በአክብሮት የሚጠሩበት ቃል ነው። ሁለተኛዋ የይርጋለም ተወላጇ መነኩሲት ናቸው፤ ኬማ ተብለው መነኮሱ፣ መርከቢቱ ሁሉ ግን እንደ አገሩ ወግ እማሆይ ኬማ ይላቸዋል። ሁለቱ በአንድ ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም።

የሚያስተምሩት አንድ ነው፤ አናታን፣ «እኔ» እያልን የሙጥኝ ያልነው ነገር እኔ አይደለም የሚለውን የቡድሃ ትምህርት። የሚጣሉት በትርጓሜው ነው። ባንቴ ሱማና ነገሩን ቁርጥ ያደርጉታል፤ እኔ የሚባል ነገር ከቶ የለም ይላሉ። ደቦን ምሳሌ ያመጣሉ። ሰዎች ተሰብስበው ያጭዳሉ፣ ያዜማሉ፣ ይበላሉ፣ ያንን ደቦ እንለዋለን፤ ሰዎቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ ደቦው የት ገባ? ሰውም እንዲሁ ሥጋና ስሜት፣ ሐሳብና ትዝታ ተሰብስበው የሚሠሩት ደቦ ነው። እማሆይ ኬማ በዚህ ይቆጣሉ። ቡድሃ «እኔ አለ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ዝም አሉ፤ «እንግዲያው የለም ወይ?» ሲባሉም ዝም አሉ። ስለዚህ ያስተማሩት «የለም» ሳይሆን «ያንተ አይደለም፣ አስቀምጠው» ነው ይላሉ። ለታመመ የታዘዘ መድኃኒት እንጂ ስላለና ስለሌለ ነገር የተነገረ ዜና አይደለም። «የለም» የሚለውን ጨምድዶ መያዝም ያው መያዝ ነው። ሠራተኛው ሥራ ሲፈታ «የለም» ባይና «አስቀምጠው» ባይ ሆኖ ተከፍሎ፣ እንደ ኳስ ደጋፊ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ያዳምጣቸዋል።

ቢሻው ሲገባ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እጅ ነሥቶ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ተራው እስኪደርስ ጠብቆ ጠየቀ።

«ባንቴ፣ እኔ የሚባል ከሌለ፣ የአንድ ሰው ትዝታ ቢነቀል የሚጎዳው ማነው?»

ባንቴ ሱማና እንዲህ ያለ ጥያቄ ካጡ ቆይተዋል፤ ፊታቸው በራ። «ጥሩ ጠየቅህ። ጉዳት አለ፣ ተጎጂ ግን ተፈልጎ አይገኝም» አሉት።

«ባንቴ፣ የጠያቂውን ፊት ሳያዩ አይመልሱ» አሉ እማሆይ ኬማ። ወደ ቢሻው ዞሩ። «ሊነቀል የታሰበው የማን ትዝታ ነው፣ ልጄ?»

«ለማወቅ ያህል ነው፣ እማሆይ።»

እማሆይ ዓይናቸውን ከፊቱ አልነቀሉም። ባንቴ ሱማና ግን ጉዳትና ተጎጂ ስለሚለዩበት መንገድ ማስረዳት ጀምረው ነበር፤ እማሆይ ያን ስሕተት ማሳለፍ አልቻሉም፣ መለሱላቸው፤ ባንቴም መለሱ። ቢሻው የፈለገውን ግማሽ መልስ ይዞ ሲወጣ ልብ ያለው አልነበረም። «ጉዳት አለ» የሚለው ግማሽ በሩ ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ፈረቃው እንዳለቀ ትርንጎን አስቀድሞ ለያት። ቆቧን አውልቆ እጇን ይዞ አስነሳት፣ ምሳ ቤት እንድትጠብቀው ነገራት። ሩዋን ገና ተጋድሞ ነው፣ ዓይኑ ተጨፍኗል። ቢሻው በሩን ዘጋ፣ ማጥለያውን ወደ ነቀላ አዞረው።

ነቀላ አንድ ሕግ አለው። ነቃዩ የትዝታውን ጫፍ ይዞ እስከ ሥሩ መውረድ አለበት፤ ያላየኸውን አትነቅልም። ቢሻው ሁለተኛውን ቆብ ራሱ ላይ አጠለቀና ደጋግሞ ያቃጠለውን ያን ምስል ያዘ። ቲማቲሞቹ፣ የትርንጎ ሳቅ፣ ግራጫው ጀርባ፣ ያዘነበለው ትከሻ፣ የዘገየው እጅ። እስከ ዛሬ አተላ ስለነበር እዚህ ላይ ይቆረጥ ነበር። ዛሬ ከባለቤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አልተቆረጠም። ቀጠለ። ሰውየው ወደ ጣሪያው ቀና አለ፣ ስለተደፈነ ቧንቧ የሆነ ነገር እያጉረመረመ ዞረ።

ቢሻው ነበር።

መጀመሪያ አላመነም፤ መሣሪያው የተበላሸ መሰለው። ፊቱ ግን ፊቱ ነው። ግራ ትከሻው እንደሚያዘነብል በሕይወቱ አያውቅም፣ ማንም አልነገረውም። ምስሉን ያየው ሰው ከመደዳው ማዶ ቆሞ፣ የመኮትኮቻ መሣሪያ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ነበር። ሩዋን ነው። ትርንጎ እጇን ባሏ ትከሻ ላይ አሳርፋ ፊቱን ታያለች፣ እንዲያያት ትጠብቃለች። ባሏ ቧንቧውን ያያል። ቆይታ እጇን መለሰች። ያን ጊዜ የሩዋን ልብ ያለው ነገር ከነእሳቱ ቢሻው ውስጥ አለፈ፦ ይሄ ሰው ያለውን አያውቅም።

እሳቱንም ተከትሎ ወረደ። ሥሩ ጥልቅ ነበር፣ ከመጀመሪያው ፈረቃ የሚነሳ፤ የሩዋን ሥር ነው። ቢሻው ለወራት ደረቱን ያነደደው ቅናት በእሱ የተቀና ቅናት ነበር። በገዛ ራሱ ሲቀና ከርሟል።

ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሩዋን ዓይኑን ሲገልጥ፣ የነቀላው መብራት ሲበራ አየ፣ ቢሻውን አየ፣ ሁሉም ገባው።

«አየኸው፣ ጋሼ» አለ።

ቢሻው ራሱን ነቀነቀ። ሩዋን ሳይነሳ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ተናገረ። አንድም ቃል ለትርንጎ ተናግሮ እንደማያውቅ፣ አዳራሹን የሙጥኝ ያለው ለዚሁ እንደሆነ፣ ምድብ እንዲቀየርለት ሊያመለክት ሲል ግን ነገሩ ከውስጡ ወጥቶ እንደሄደ ነገረው። ባለፉት ወራት በየፈረቃው እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄዶ ጠፋ። ትርንጎን ያያታል፣ ምንም አያቃጥለውም። ባንቴ ሱማና መርምረውት፣ አናታን የቀመሰ ተማሪ አገኘሁ ብለው ዕንባ አውጥተዋል።

ቢሻው ይህን ሁሉ ሰማ። ቢዋሽ ይችል ነበር። «አልጠፋም» አለው። «ማጥለያው እየተደፈነ አልመልስ ብሎህ ነው። እኔ ጋ ነው ያለው።»

ሩዋን ተነሥቶ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው ሐዘን ነበር፣ ሰላሙን የተቀማ ሰው ሐዘን። ቀጥሎ የመጣው ግን ቢሻው ያልጠበቀው ነው።

«እንግዲያው መልስልኝ» አለ። «የኔ ነው።»

«ምን ያደርግልሃል? ሲያቃጥልህ ነው የኖረው።»

«እሷን የማውቅበት እሱ ብቻ ነው። መልስልኝ፣ ጋሼ።»

ቢሻውም የባሰበት ይመስል እንቢ አለ። ዘሩ ያንተ ቢሆን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ አበላሁት፣ አጠጣሁት አለ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አንዱ ሌላውን ሊነቅል ተነሥቶ፣ ሁለት ሙሉ ሰዎች በአንድ ቅናት «የኔ ነው፣ የኔ ነው» እየተባባሉ ተጣሉ። ድምፃቸው ሲበረታ በሩ ተከፈተ፣ ወሬውም እስከ መርከቢቱ አዛዥ ደረሰ።

አዳራሹ ያን ሳምንት ሰው አልበቃውም። ባንቴ ሱማና የተማሪያቸው መዳን የማጥለያ ብልሽት መሆኑን ሲሰሙ ያን ቀን ሳያስተምሩ ወጡ፤ በማግሥቱ ግን ተነሥተው ይሄ የእኔን ትርጓሜ ያጸናል አሉ። ቅናት ከአንዱ ቤት ወጥቶ ሌላው ቤት ገብቶ፣ ያኛውም የገዛ ልጁ መስሎት ካሳደገው፣ ቀድሞውኑ ባለቤት አልነበረውም። እማሆይ ኬማ መለሱ። ባለቤት ባይኖረውም ሁለቱን ሲያንገበግብ ከርሟል፤ «የለም» ተብሎ ለቢሻው ቢነገረው መንቀያ አነሳበት፣ «ያንተ አይደለም፣ አስቀምጠው» ተብሎ ቢሆን ቆቡን ያስቀምጥ ነበር። ባንቴ ሱማና ለመጀመሪያ ጊዜ ክርክሩን ተዉ። ያን ቀን የቢሻውን ፊት ማየት ነበረብኝ አሉ።

የአዛዡ ውሳኔ አጭር ነበር። ማጥለያው በአዲስ ይተካል፣ ቢሻው ወደ ቧንቧ ክፍል ይዛወራል፣ ሩዋን ሌላ ፈረቃ ይመደባል። ከሁሉ በፊት ግን ሁለቱ ሰዎች ተለይተው፣ የሩዋን የሆነው ለሩዋን ይመለሳል።

ቢሻው ይህን ሁሉ ለትርንጎ የነገራት የራሱ የመለያ ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት ነው። ምንም አልደበቀም፤ መጠርጠሩን፣ አተላውን ማስቀረቱን፣ ሊነቅል መነሣቱን። ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። ተቆጣች፤ እኔንም ሩዋንንም ልታጠፋን ነበር አለችው። ከዚያ ቁጣዋ መሀል ላይ ቆመና ሌላ ነገር ጠየቀች።

«እነዚህን ወራት የምታየኝ የነበረው... ያ አስተያየት የሱ ነበር?»

ምን እንደምትል አልገባውም።

«ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ አይተኸኝ አታውቅም» አለች። «ማዕድ ላይ ቁጭ ብለህ ዓይንህን ሳትነቅል። ተመልሶ መጣ ብዬ ነበር። ጉትቻዬን ያወጣሁት ለማን መሰለህ?»

ቢሻው ያጠፋች ሴት ናት ያለው ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ። የሱ ይሁን የኔ አላውቅም አላት፤ እውነቱም ይኸው ነበር። እሳቱን አስወጥቶ አስተያየቱን ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። አንድ ክር ነው፣ አይከፈልም አላት።

«እንግዲያው ሳትሄድ አንድ ጊዜ እየኝ» አለች።

አያት። ያ ረሃብ እስካለ ድረስ አያት። እሷም ቆማ ታየችለት፤ ከዚያ አብረው ወደ ማጥለያው ክፍል ሄዱ።

መለየቱ አያምም። ቢሻው ዓይኑን ሲገልጥ ደረቱ ቀዝቅዟል፣ ተጠርጎ እንደተዘጋ ቤት። የሆነውን ሁሉ ያስታውሳል፣ ስሜቱ ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው። አዲሱ ማጥለያ የባዕድ ቅሪት የለም አለ። ትርንጎ ጎንበስ ብላ ዓይኑ ውስጥ አየች። ፈለገች። ግራ ዓይኑን አይታ ወደ ቀኙ ሄደች፣ እንደገና ተመለሰች። የፈለገችውን ማጣቷ ገባው፤ ፈገግ አለችለት፣ ከመንገድ ለገባ እንግዳ እንደሚባለው በትሕትና «ደህና ነህ?» አለችው።

ያን ጊዜ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ተለኮሰ። ትንሽ ነው፣ ግን ያው እሳት ነው። ቢሻው ደንግጦ ማጥለያው ድጋሚ እንዲያየው ጠየቀ። በእሱ ቦታ የተተካው የማጥለያ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አየ፤ ከራስህ በቀር ምንም የለም አለው።

የሚቀናው በማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀበትም። እነዚያን ወራት ሁሉ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሚስቱን ሲያይ በከረመው፣ ጉትቻ ባስወጣት፣ እሷ አሁን ዓይኑ ውስጥ ፈልጋ ባጣችው በዚያ ሰውዬ ነበር። ሰውየው እሱ ራሱ ነው፤ እሱ ግን አይደለም። ባንቴ ሱማና ቢጠየቁ አንድ ነገር ይላሉ፣ እማሆይ ኬማም ሌላ። ቢሻው ግን ማንንም ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም፣ ትርንጎ ልትሄድ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር።

ተነሥቶ ተቀመጠና አያት። ምንም የሚመራው ረሃብ የለም፤ እንደ ጀማሪ ቀስ እያለ፣ ከላይ ጀምሮ ማየት ነበረበት። ከቀኝ ቅንድቧ ጫፍ ቀጭን ጠባሳ አለ። የሩዋን ትዝታ ውስጥ አልነበረም።

«እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?» አላት፣ የራሱን ቅንድብ እየነካ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?»

«ዛሬ ነው ያየሁት።»

ቆማ ተመለከተችው። ሥራ እንዳለባት ተናግራ ነበር፤ ሆኖም ነጠላዋን አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስለ አንድ የብረት በር፣ ስለ ታላቅ እህቷና በሕፃንነቷ ስለሸሸችው ክትባት ትነግረው ጀመር። ቢሻው አንድም ቃል ሳያመልጠው ሰማ። ያኛው ሰውዬ ይህን ታሪክ እንደማያውቅ ሲያስብ፣ ትንሽ ደስ አለው።